የባቄላ እሸት፣ የገብስ ሻይ እና የቶኪዮ ዳርቻ

ሰሞኑን አዲስ አበባ ዳር ያለው ሰፈራችን አባዶ የባቄላ እሸት ገብቷል። የመገናኛ ታክሲ የሚያራግፍበት ጋ እናቶች ማዳበሪያ ዘርግተው ከነአገዳው በእስር በእስር ይሸጣሉ፣ እኔም በዚህ ሰሞን ከስራ ስመለስ አንድ እስር ሳልይዝ ቤት አልገባም፣ ግማሹን ደረጃ እየወጣሁ እየፈለፈልኩ እጨርሰዋለሁ፣ የተረፈውን ከነቅርፊቱ በጨው ውሃ ቀቅዬ ማታ ከሰው ጋር እየተጫወትኩ እበላዋለሁ። ይሄ ከነቅርፊቱ መቀቀል የሚባለው ነገር ጎረቤቶቼን ትንሽ ይገርማቸዋል፣ ከጃፓን ይዤው የመጣሁት ልማድ ነው።

እዛ ኤዳማሜ የሚሉት አለ። እሸት አኩሪ አተር ማለት ነው፣ ሳይደርቅ ገና አረንጓዴ እያለ ይለቀማል፣ ከነቅርፊቱ በጨው ይቀቀላል፣ ከዛ ከንፈርህ ላይ አድርገህ ጫን ስትለው ፍሬው ብቅ ይላል። የሙቀታቸው ወቅት ላይ፣ ማለት ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጃኬት ደርበን ጭቃ ስንረግጥ እነሱ በላብ ሲጠመቁ፣ ማታ ማታ የትም ታገኘዋለህ፣ ቢራ ቤት ከገባህማ ብዙ ሰው ሜኑ ሳያይ መጀመሪያ የሚያዘው ቀዝቃዛ ቢራና ኤዳማሜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብልኝ ደስ ያለኝ በጣዕሙ ብቻ አልነበረም፣ በሰው አገር ማንም ሳያሳየኝ እጄ የሚያውቀው ምግብ ማግኘቴ ነው። እሸት መፈልፈል ለኛ ማን ያስተምረናል?

ስለ ጃፓን ሳወራ ሰው የሚጠብቀው ባቡሩን፣ ፎቁን፣ ሮቦቱን ነው። ባቡሩ እውነት ነው፣ ደቂቃ አያዛንፍም። ግን እኔ ልቤ ውስጥ የቀረው ሌላ ነው፣ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ተራ ሰው በተራ ቀን ከስራ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያገኛቸው ጥቃቅን ደስታዎች፣ ብዙዎቹ በነጻ ወይ በሳንቲም የሚገኙ። ያውም መሀል ቶኪዮ ሳይሆን ዳር ዳሩ ላይ። የኖርኩት ቾፉ የምትባል ቦታ ነው፣ ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ፈጣኑን ባቡር ከያዝክ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቶኪዮ ትባላለች ግን ከመሀሉ 23 ክፍለ ከተሞች ውጪ ናት፣ እንደኛ አባዶ ዳር ላይ ያለች።

እዛ ሰፈር ቤትና ቤት መሀል ድንገት እርሻ ታገኛለህ። የጓሮ አትክልት ማለቴ አይደለም፣ የምር እርሻ፣ ጎመኑ በመስመር የተተከለበት፣ ከላዩ መረብ የተዘረጋበት፣ አንዲት ትንሽ የእርሻ ማሽን ጥግ ላይ የቆመችበት። እና ከእርሻው ጥግ መንገድ ዳር አንዲት የእንጨት መደርደሪያ የቆርቆሮ ክዳን ተደርጎላት ትቆማለች። ሻጭ የለም። አትክልቱ በላስቲክ በላስቲክ ሆኖ ተደርድሯል፣ ጎኑ ላይ ከላይ ሽንቁር ያላት ሳጥን ታስራለች፣ 100 የን የሚል በእጅ የተጻፈ ነገር አለ፣ ሳንቲምህን ትከትና የመረጥከውን ይዘህ ትሄዳለህ በቃ። ሳንቲሟ ስትወድቅ የምታሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ ጠዋት ማለዳ ከሄድክ ሳጥኑ ባዶ ስለሆነ ኳ ብላ ነው የምትወድቀው፣ አመሻሽ ላይ ከሄድክ ግን ሳንቲም በሳንቲም ላይ ነው የምታርፈው፣ እና ያኔ የቀረው አንድ ሁለት ላስቲክ ብቻ ይሆናል።

ይሄን ለሰው ስነግር ጨዋታው ወዲያው ወደ ሌባ ይሄዳል፣ እኛ ጋ ቢሆን ሳጥኑም አይገኝ ምናምን። እኔን የሚያስደስተኝ ግን እሱ አይደለም። ያቺ መደርደሪያ ቀን መቁጠሪያዬ ነበረች። ሚያዝያ ላይ የቀርከሃ ቡቃያ አፈሩ ሳይራገፍ ይመጣል፣ ሰኔ አካባቢ ኪያር ይጀምራል፣ ከዛ ቲማቲምና ደበርጃን፣ ከዛ ኤዳማሜው ከነግንዱ ታስሮ ልክ እንደኛ እሸት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ስኳር ድንች፣ ቀጥሎ ካኪ የሚሉት ብርቱካናማ ጣፋጭ ፍሬ፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ነጩ ትልቁ ፍጁልና ጎመኑ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ የመሰለው ዩዙ። አንዱ ሲያልቅ አለቀ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት የለም፣ ሱፐርማርኬት ብትሄድ ልታገኘው ትችል ይሆናል ግን ሰዉ ራሱ ወቅቱ ሲያልፍ ይተወዋል፣ ወቅቱን መጠበቅ ይወዳሉ፣ የመጀመሪያው ሲወጣ ደግሞ አይተሃል? ወጥቷል እኮ! እየተባባሉ ያወራሉ።

አንድ ቀን ባለእርሻውን አገኘኋቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጎማ ጫማቸውን አድርገው ላስቲክ እየደረደሩ። ኤዳማሜውን ሳነሳ አይተው በእጃቸው ጭምር እያሳዩ ዛሬ ማታውኑ ቀቅዪው፣ ነገ ጣዕሙ ይሄዳል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ከተለቀመ ሰዓታት ውስጥ ጣፋጭነቱ መቀነስ ይጀምራል። ባለፈው ሳምንት አባዶ ታክሲ ማራገፊያው ጋ እሸት የሸጡልኝ እናት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "የኔ ልጅ ዛሬ ጠዋት የተነቀለ ነው፣ ዛሬውኑ ብዪው፣ ነገ ይጠወልግብሻል።" ቆሜ ፈዝዤ ቀረሁ፣ ገንዘቡን እንኳ የሰጠኋቸው ቆይቼ ነው።

እርሻው እዛ ለምን እንደቀረ ያወቅኩት በኋላ ነው፣ እና ይሄን ጉዳይ እዚህ ዳር ላይ ለምንኖር ሰዎች ማንሳት አለብኝ። ቶኪዮን በመሰለ ከተማ መሬት ላይ ጎመን ከመትከል ፎቅ መትከል እንደሚያዋጣ ለማንም ግልጽ ነው። ግን ሕግ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ በኋላም ተሻሽሎ ከ1992 ጀምሮ የጠነከረ፣ ከተማ ውስጥ ያለ ገበሬ መሬቱን ለ30 ዓመት አርሰዋለሁ ብሎ ካስመዘገበ ግብሩ እንደ ቤት መስሪያ ቦታ ሳይሆን እንደ እርሻ መሬት ይታሰብለታል፣ ልዩነቱ ደግሞ በጣም ትልቅ ነው። 30 ዓመቱ በ2022 ሊሞላ ሲል ገበሬው ሁሉ በአንዴ ይሸጠዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፣ ስለዚህ አስቀድመው በየ10 ዓመቱ እየታደሰ የሚቀጥልበትን መንገድ አበጁለት። እርግጥ እዛም ብዙ እርሻ ጠፍቷል፣ ልጅ የማይወርሰው አለ፣ ሽማግሌው ሲሞቱ የሚሸጥ አለ። ግን ከባቡር ጣቢያ የ10 ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ዛሬም አፈር የሚሸት ቦታ መኖሩ በአጋጣሚ አይደለም፣ ሰው አስቦበት ነው።

ከብሎካችን ጀርባ ያለውን ማሳ ሳይ ሁሌ ይሄ ነው የሚመጣብኝ። አሁን ጥቅምት ላይ ነን፣ ጤፉ ወደ ቢጫነት እየሄደ ነው፣ ንፋስ ሲመጣ አንድ ላይ ሲተኛና ሲነሳ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው የማየው። እዚህ የገባን ሰሞን ማሳው እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር ይላሉ ቀድመው የገቡት፣ አሁን መሀል ላይ ድንጋይ የተደፋበት አለ፣ ቆርቆሮ የታጠረበት አለ። ቤት መሰራቱን እየተቃወምኩ አይደለም፣ እኔም ቤት አግኝቼ ነው እዚህ ያለሁት፣ እኔ የገባሁበት ብሎክም ትናንት ማሳ ነበር። ግን ከተማው እሸት የሚያገኘው በዚህ ዳር በኩል ነው፣ ወቅት የሚባለው ነገር ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በኛ በር ነው፣ ስለዚህ ጥቂት ማሳ እዚሁ መሀላችን ቢተርፍ እመኛለሁ፣ በጣም እመኛለሁ።

ወደ ጃፓኑ ልመለስ። ስለ ሳኩራ፣ ስለ ቼሪ አበባቸው ማለት ነው፣ ብዙ ተብሏል ፎቶውን ያላየ የለም ስለዚህ አላረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ፣ አበባው ፈነዳ የሚባለው በግምት አይደለም፣ የሚቲዎሮሎጂ መስሪያ ቤታቸው በየቦታው ለይቶ የሚከታተለው ዛፍ አለ፣ የቶኪዮው ያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ውስጥ ነው፣ ባለሙያ ሄዶ ቅርንጫፉን ቀና ብሎ ያያል፣ አምስት ወይ ስድስት አበባ ከተከፈተ ቶኪዮ ፈነዳ ተብሎ ይታወጃል፣ ካሜራው ሁሉ እዛ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ኪዮቶ ደግሞ ከ1,200 ዓመት በላይ ወደኋላ የሚሄድ የአበባ መዝገብ አላት፣ ከድሮ ሰዎች የቀን ማስታወሻና ከዜና መዋዕል ተለቅሞ የተሰበሰበ፣ እና በ2021 ማርች 26 ቀን ሙሉ በሙሉ ያበበው እስከዛ ድረስ በዛ መዝገብ ውስጥ ከነበረው ሁሉ የቀደመ ሆነ። አየሩ እየሞቀ መሆኑን አበባ እየነገራቸው ነው ማለት ነው። ትምህርት የሚጀምረው፣ አዲስ ተመራቂ ስራ የሚገባው፣ የመንግስት በጀት የሚለወጠው ሁሉም ኤፕሪል ላይ ስለሆነ አዲሱ ዩኒፎርምና አበባው አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ለኛ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፣ መስከረም ላይ አደይ አበባና አዲስ ደብተር አብረው የሚመጡበት አገር ልጆች ነን።

እኔ የምወደው ግን የታወቁትን ቦታዎች ሳይሆን ኖጋዋ የምትባለውን ቾፉ ውስጥ የምታልፍ ትንሽ ወንዝ ነው። ጠባብ ናት፣ ግራና ቀኟ ሳር ነው፣ ሰዎች ሸራ አንጥፈው ጫማቸውን አውልቀው ጥግ ላይ ደርድረው ከቤት የቋጠሩትን ይበላሉ፣ ሽማግሌ አለ ህጻን አለ ከስራ የወጣ ሰው ከነሱፉ ጋደም ብሎ አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ይረግፋል፣ ያኔ ደግሞ ውሃው ራሱ ሮዝ ሆኖ ይፈሳል።

ከዛ ዝናባቸው ይመጣል፣ ከጁን መጀመሪያ እስከ ጁላይ አጋማሽ። የኛን ክረምት ያየ ሰው የነሱ ዝናብ አያስደነግጠውም፣ የኛ ከሰዓት ላይ በነጎድጓድና በበረዶ ይወርድና ያባራል የነሱ ቀኑን ሙሉ ሳይቸኩል ያካፋል። ብዙ ሰው ይማረርበታል፣ እኔ ወድጄው ነበር። በየሱቁ በር ላይ የጃንጥላ ማስቀመጫ አለ፣ ጃንጥላህን ሰክተህ ትገባለህ ስትወጣ እዛው ታገኘዋለህ፣ ብዙው ሰው የሚይዘው ከሰፈር ሱቅ የሚገዛውን በውስጡ የሚታየውን ርካሽ የላስቲክ ጃንጥላ ስለሆነ ቀና ስትል ጠብታው ከላይህ ሲንከባለል ታያለህ። በዛው ሰሞን አጂሳይ የሚባል አበባ በየአጥሩ ስር ይፈነዳል፣ ድፍን የጡጫ ያህል ሆኖ ነው የሚያብበው፣ አፈሩ አሲዳም ከሆነ ሰማያዊ ካልሆነ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ስለዚህ አንዱ ቤት ሰማያዊ ጎረቤቱ ሮዝ ሊሆን ይችላል። ልጆች ደግሞ ከነጭ ጨርቅ ትንሽዬ አሻንጉሊት ሰርተው መስኮት ላይ ይሰቅላሉ፣ ነገ ፀሐይ ይውጣ ብለው።

አሁን ስለ ገብስ ሻይ ላውራ፣ ከሁሉ በላይ ላወራችሁ የፈለግኩት እሱን ነው። ሙቀቱ ሲገባ፣ 35 ዲግሪ ያውም ከነወበቁ፣ ሲካዳ የሚባሉት ነፍሳት ከዛፍ ላይ ጆሮ እስኪደነቁር እየጮሁ፣ የሁሉም ሰው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ሙጊቻ። የተቆላ ገብስ ነው፣ በውሃ ይፈላል ይቀዘቅዛል ይጠጣል፣ ስኳር የለው ምን የለው፣ ካፌይንም ስለሌለው ልጅም አዋቂም ቀኑን ሙሉ ነው የሚጠጣው። ቾፉ በገባሁ ሰሞን የቤት አከራዬ ሴትዮ በር ላይ ቆመን ስናወራ በብርጭቆ አመጡልኝ፣ በረዶው ይንኳኳል፣ ወደ አፌ ሳስጠጋው ሽታው ቀደመኝ። ገብስ ቆሎ። እናቴ ምጣድ ላይ ገብስ ስትቆላ የሚሸተው እሱ ራሱ፣ ሊያር ትንሽ ሲቀረው፣ ሽሮ ቀለም ሲመጣ ያለው ሽታ። ሴትየዋ ሙቀቱ ያደከመኝ መስሏቸው ቁጭ በዪ ቁጭ በዪ አሉኝ፣ እኔ የሆንኩትን በምን ቋንቋ ልንገራቸው።

አሁን አባዶ ላይ ራሴው እሰራዋለሁ። ከሾላ ገበያ ገብስ እገዛለሁ፣ ከቆሎው ትንሽ ጠቆር እስኪል እቆላዋለሁ፣ ከዛ አፍልቼ አጥልዬ ጠርሙስ ውስጥ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። የካቲትና መጋቢት ላይ አቧራው ሲነሳ ፀሐይዋ ኮንዶሚኒየሙን ስትጋግረው እሱን ጠጥቶ የማያመሰግን የለም። ፎቅ ስር ያሉት እማማ መጀመሪያ ሲቀምሱ ትንሽ አሰብ አድርገው "ልጄ ይሄማ ቀሪቦ ሊሆን ሲል የተወ ነው" አሉ፣ ትክክል ናቸው፣ ቀሪቦም ከተቆላ ገብስ ነው፣ የኛ ሴቶች ደግሞ አብላልተው ሌላ ደረጃ ያደርሱታል። አሁን እሳቸው ቀሪቦ ሲጥሉ ለኔ ይልካሉ እኔ ሙጊቻ ሳፈላ ለሳቸው እልካለሁ። ገብስ የሚወዱ ሁለት አገሮች ናቸው፣ ይሄን ማወቄ በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

የሙቀቱ ነገር ከተነሳ አይቀር የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ኦክቶበር ላይ የተደረገው ሐምሌና ነሐሴ እዛ ስለማያስሮጥ ነው። በ2021 ሙቀቱ ውስጥ ባደረጉት ጊዜማ ማራቶኑን ወደ ሰሜን ሳፖሮ አዛወሩት። ስለዚህ የኛ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ የሮጠው በመጸው ነው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሳምንታት ብቻ አልፈውት፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በዓለም እስከዛ ድረስ ያልተሮጠ ሰዓት፣ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው። ገብቶ ሳይወድቅ ሜዳው ላይ ጂምናስቲክ እንደሰራ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ እዛ እስክሄድ ያላወቅኩት መንገዱን ነው። ከብሔራዊ ስታዲየሙ ወጥተው በኮሹ ካይዶ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሮጠው የዞሩት የት ይመስላችኋል፣ ቾፉ ውስጥ ቶቢታኪዩ ላይ ነው! የዞሩበት ቦታ ላይ ዛሬም ምልክት ቆሟል፣ መኪናው ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ብዙ ሰው አያየውም። እኔ ግን በዛ ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ጥቅምት ላይ እዛ ቆመህ አየሩ ቀዝቀዝ ደረቅ ያለ ሰማዩ ጥርት ያለ ሲሆን ይሄ አየር እኮ የኛ አገር የጥቅምት አየር ነው ትላለህ፣ ሳንባው እንዴት እንደሰራ ይገባሃል። አንድ ትልቅ ሰው ከየት ነሽ ብለውኝ ኢትዮጵያ ስል "አበበ!" ብለው በትምህርት ቤት ዩኒፎርም መንገድ ዳር ቆመው እንዳዩት ነገሩኝ፣ ምንም ፊቱ ላይ ድካም አልነበረም አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። የኔም።

መጸው እዛ ከሁሉም ወቅት ይበልጥብኛል። ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት በር ስትከፍት ሰፈሩ በሙሉ ይሸታል፣ ኪንሞኩሴይ የሚባል ቁጥቋጦ ነው፣ አበባው በጣም ትንሽዬ ብርቱካናማ ነገር ነው ካልፈለግከው አታየውም፣ ሽታው ግን ጥግ ከመታጠፍህ በፊት ነው የሚቀበልህ። ከዛ ማታ ማታ የተጠበሰ ስኳር ድንች የሚሸጥ ትንሽ መኪና በድምፅ ማጉያ እየዘፈነ ቀስ እያለ ያልፋል፣ ሮጠህ ትወርዳለህ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጥሃል፣ ከሁለት ስትሰብረው ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይጨሳል። መንገድ ላይ የቆሙት የመጠጥ ማሽኖችም ይለወጣሉ፣ የሙቀቱን ወቅት ሙሉ ሰማያዊ የነበረው ጽሁፍ ከስር በኩል ቀይ እየሆነ ይመጣል፣ ቀዩ ትኩስ ማለት ነው፣ ሳንቲም ከተህ ስትጫነው ትኩስ የቆርቆሮ ቡና ዱብ ይላል። ቡናነቱን ከጀበና ጋር አላነጻጽረውም፣ ግን ባቡር ስትጠብቅ በሁለት እጅህ ይዘኸው ጉንጭህ ላይ የምታደርገው ነገር ነው፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው። ቅጠሉ ሲቀላ ደግሞ በዛው በኬዮ መስመር እስከ መጨረሻው ሄደህ ታካኦ ተራራ ትወጣለህ፣ 599 ሜትር ነች፣ ለእንጦጦ ሰው ቁልቁል ናት፣ ግን ኖቬምበር ላይ ቀዩን ቅጠል ለማየት የሚወጣው ሰው ብዛት የኪዳነ ምሕረትን ንግስ ያስታውሳል።

የብርዳቸው ወቅት ደረቅና ፀሐያማ ነው፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ጠዋት ታማ ወንዝ ዳር ብትሄድ ፉጂ ተራራ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ በሙቀቱ ወቅት ግን ጭጋግ ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ቀን የለም። ሌሊቱ ረጅም በሚሆንበት ቀን፣ ዲሴምበር 21 ወይ 22፣ የሰፈር መታጠቢያ ቤቶች ገንዳው ውስጥ ሙሉ ሙሉ ዩዙ ይጥላሉ፣ እስከ አንገትህ ትኩስ ውሃ ውስጥ ገብተህ ፍሬዎቹ ወደ አገጭህ እየተንሳፈፉ ይመጣሉ። ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የተቆላ አኩሪ አተር ከበር ይበትናሉ፣ ክፉው ውጣ በረከት ግባ እያሉ፣ ከዛ በዕድሜህ ልክ ቆጥረህ ትበላለህ። ቆሎ ነው ባጭሩ። የቤት አከራዬ ለኔም ቆጥረው በወረቀት ጠቅልለው በር ላይ አንጠልጥለውልኝ ነበር።

ከመጣሁ በኋላ ይሄን ዓይን ይዤ አባዶን ሳያት ምን ያህል ነገር እንዳለን አየሁ። ነሐሴ ላይ ልጆች በጋሪ በለስ እየገፉ ይመጣሉ፣ በቢላዋ ሁለት ጊዜ ሰንጠቅ አድርገው እሾሁ ሳይነካህ ይሰጡሃል፣ ማታ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ የበቆሎ ጥብስ ከሰል በየጥጉ ይቀላል። መስከረም ላይ ሜዳው አደይ ነው፣ ወንዶቹ የመስቀል ወፎች ቀለማቸው ተቀይሮ ማሳው ላይ ይንጫጫሉ። አሁን ጥቅምት፣ ባቄላ። ኅዳር ታኅሣሥ የሽምብራ እሸት ይመጣል፣ ጣት ላይ የሚቀረውን ኮምጠጥ ያለውን ነገር የምልሰው እኔ ብቻ አልመስለኝም፣ ከዛ ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ይወቃል ገለባው እስከ በረንዳችን ይበራል። መጋቢት ላይ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ አቧራውን ሲመታው ያለው ሽታ አለ። እነዚህን እዛ ያሉ ሰዎች ቢያገኟቸው በዜና ያውጁላቸው ነበር።

እኛ ብሎክ ላይ አንድ ነገር ጀምረናል። እሸት ሲገባ የቡና ቁርሱ እሸት ነው፣ ፈንዲሻውም ዳቦውም ለጊዜው ይቆያል፣ ልጆቹ መፈልፈል ይማራሉ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለውንም አልረሳነውም፣ ማታ ብርዱ ሲብስ አንዱ ቤት ቅቅል ይጣዳል፣ ተራ ነው። እማማ ለልጆቹ ይሄ ማሳ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ጤፍ የትኛው ስንዴ እንደሆነ ከበረንዳ እያሳዩ ይነግሯቸዋል፣ አንዷ ሰባት ዓመቷ ነው አሁን ከሩቅ ትለያለች።

ስኮላርሺፕ አግኝታችሁ በዚህ ሰሞን ወደዛ የምትሄዱ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ መጸው ላይ ነው የምትደርሱት፣ ጥሩ ጊዜ ነው። የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ሲያልቅ መሀል ከተማው ያለውን ሺቡያን ከማየታችሁ በፊት ሰፈራችሁን በእግር ዙሩት፣ በተለይ ምዕራብ ቶኪዮ ከደረሳችሁ፣ ኮዳይራ ወይ ፉቹ ወይ ኮጋኔይ፣ እርሻ ካያችሁ ጥጉን ፈልጉ መደርደሪያ አይጠፋም። ቅዳሜ ካላችሁ ቶቢታኪዩ ወርዳችሁ አበበ የዞረበትን እዩልኝ። ገብስ ይዛችሁ አትሂዱ፣ እዛ ሞልቷል። በርበሬና ሽሮ ግን ያዙ። እና ኪሳችሁ ውስጥ የ100 የን ሳንቲም አይጥፋ፣ ሳጥኖቹ መልስ አይሰጡም።